ወንዙን ይሻገራል?

እኛ ዮሺዋራ ውስጥ ሞተር ያለው ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው። «ወንዙን ይሻገራል?» ይላል። ገዢው «አይ፣ እዚሁ ነኝ» ካለ ዕቃው ይታሸግለታል። «አዎ፣ ማዶ ነኝ» ካለ ግን ሻጩ ካርቶኑን መልሶ ይከፍትና አንድ ነገር ይቀይርለታል።

ነገሩ የፉጂ ወንዝ ነው። ከወንዙ ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ መብራት በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይርገበገባል። ከወንዙ ወዲያ ስልሳ ጊዜ። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ድሮ መብራት ማመንጫ ማሽኖቹን ከሁለት አገር ገዝተው ነው ይላሉ። ካውያ እንደሆነ ለዚህ ደንታ የለውም፤ ወዲህም ወዲያም ይሞቃል። የሚሽከረከር ነገር ግን ወንዙን ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል። ይህን እዚህ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አሁን የማጫውታችሁ የሁለት ልጆች ፍቅር የተጀመረው ይህ ጥያቄ የተረሳ ቀን ነው።

ከላውንደሪዬ ፊት ለፊት የአቶ ናሩሴ ሱቅ አለ። አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ፣ ማጉያና ስፒከር ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉ። ሚስታቸው ያረፈችው ልጃቸው ሺዮሪ ገና ትንሽ ሳለች ነው። ስለዚህ ሺዮሪ ያደገችው በአባቷ ሱቅና በእኔ ካውያ ጠረጴዛ መካከል ስትመላለስ ነው።

አቶ ናሩሴ ደግ ሰው ናቸው። አንድ በሽታ ብቻ አለባቸው። መብራት ቆሻሻ ነው ብለው ያምናሉ። የወረቀት ፋብሪካዎቹ፣ የጎረቤት ፍሪጅ፣ የእኔ ካውያ፣ ሁሉም ጉድፉን ሽቦው ውስጥ ይደፋል፤ ያ ጉድፍ ተጉዞ ተጉዞ ዘፈኑ ውስጥ ይገባል ይላሉ። ለዚህ ነው መብራት ማጣሪያ የሚሸጡት። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ብረት ሳጥን ነው። በግድግዳው ሶኬትና በማጫወቻው መካከል ይገባል፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል። «ይኼ ከተሰካ በኋላ ዘፋኟ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ትመጣለች» ይላሉ። ደንበኛውም ራሱን ይነቀንቃል።

ማጣሪያውም አይበቃቸውም ነበር። በሬን ገፍተው ይመጣሉ።

«ፉሳኖ፣ ለአንድ ዘፈን ያህል ካውያሽን አጥፊልኝ።»

«የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሸሚዝ ነው እኮ!»

«ተጨማዶም ያምርበታል።»

አጠፋለሁ። ምን ላድርግ፣ ጎረቤት ናቸው።

የሚገርመው ያን ሁሉ ለምነው የከፈቱት ሸክላ አንድም ቀን አልቆ አያውቅም። መሃል ላይ ብድግ ይላሉ። ሽቦ ይቀይራሉ፣ ስፒከሩን በጣት ያህል ይገፋሉ፣ ሳጥኑን ይነቅላሉ፣ ይሰካሉ፣ ከዚያ መርፌዋን ወደ መጀመሪያው ይመልሷታል። ሺዮሪ ሙዚቃ ውስጥ ተወልዳ፣ ሙዚቃ ውስጥ አድጋ፣ የአንድም ሸክላ መጨረሻ ሳትሰማ ሙሉ ሴት ሆነች።

አንድ ቀን፣ ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች የጸደዩን ሽሪምፕ በሚያወጡበት ወራት፣ አንድ አንገቱ ፀሐይ የበላው ጎረምሳ ወደ ሱቁ ገባ። አቶ ናሩሴ ለሥራ ወጥተው ነበር። ልጁ ግራ ተጋብቶ ሱቅ መሆኑን ረሳና ቦቲውን በር ላይ አወለቀ። በካልሲው ቆመ።

«አያቴ ሲሞት ሸክላዎቹን ለእኔ ተወልኝ» አለ።

«ማጫወቻውስ?» አለች ሺዮሪ።

«እሱንማ ለባሕሩ ተወው። ጀልባ ላይ ሆኖ ሊሰማ ወስዶት፣ ማዕበል ሲመጣ ሸክላዎቹን አቅፎ ማጫወቻውን ለቀቀው።»

ሺዮሪ ሳቀች። አንድ ጥሩ ማጫወቻ መረጠችለት፣ አሸገችለት፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፣ ሄደ። ጥያቄውን ሳትጠይቀው። ኋላ እኔ «አንቺ ልጅ፣ እንዴት ይረሳሻል?» ብላት፣ «ካልሲው ቀዳዳ ነበረው፣ እትዬ። አውራ ጣቱን በሌላው እግሩ ሲሸፍን እያየሁ ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ።

«የናሩሴ ሱቅ ነው? ትናንት ማጫወቻ የገዛሁት ነኝ። ዳይጎ ሞቺዙኪ።»

«አስታወስኩዎት። ሠራልዎት?»

«ሠራ። ግን ዘፋኟ ምን ነክቷት ነው? ባቡር ያመለጣት ይመስል ትሮጣለች። ድምጿም የጫጩት ሆኗል። አያቴ ሲያለቅስበት የኖረው ዘፈን እኔን በሳቅ ሊገድለኝ ነው።»

ሺዮሪ በቀጭን ድምፅ፣ «ወንዙን... ተሻግረዋል እንዴ?» አለች።

«ማዶ፣ ዩኢ ወደብ ነኝ።»

«ወይኔ!»

«ምነው፣ ያስከስሳል?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሞተሩ ላይ ሸክላውን የምታዞር አንዲት የነሐስ ቀለበት አለች። በእናንተ በኩል ሞተሩ ስለሚፈጥን ቀጠን ያለች ቀለበት ነው የምታስፈልገው። እሑድ ራሴ አመጣለሁ።»

«ቀለበት ይዘሽልኝ ልትመጪ?» አለ፣ «እርስዎ» ማለቱን ሳያስበው ትቶ።

«የሞተር ቀለበት!» አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

እሑድ ጠዋት ቀለበቷን በመሐረብ ጠቅልላ ባቡር ተሳፈረች። ዩኢ ወርዳ አንድ መረብ የሚጠግን ሽማግሌ አገኘች።

«የሞቺዙኪ ቤት በየት በኩል ነው?»

«የቱ ሞቺዙኪ? እኔም ሞቺዙኪ ነኝ። ያ የሚመጣውም ሞቺዙኪ ነው።»

«ማጫወቻ የገዛው...»

«አሃ! ጫጩት ቤት! ወደቡን ይዘሽ ዝለቂ።»

መንደሩ ሁሉ ሰምቶት ኖሯል።

ዳይጎ ዛሬ ቀዳዳ የሌለው ካልሲ አድርጎ ጠበቃት። አዲስ መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ የዋጋው ወረቀት ተረከዙ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ሺዮሪ አይታ እንዳላየች ሆነች። ማጫወቻውን ከፍታ የድሮዋን ቀለበት አወጣች፣ አዲሷን አገባች፣ በላይዋ የሚጠመጠመውን ጎማ መለሰች። ዳይጎ አጠገቧ ተንበርክኮ ጣቶቿን ያይ ነበር። ጣቶቿን እንደሚያይ ስላወቀች አንድ ብሎን ሁለት ጊዜ ወደቀባት።

ሸክላው ዞረ። ዘፋኟ ከጫጩትነት ወደ ሴትነት ተመለሰች።

«ይኼን ሸክላ አውቀዋለሁ!» አለች ሺዮሪ። «አባቴም አለው።»

ተቀመጡ። አንድ ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ሺዮሪ በልማድ የሚነሳ ሰው ትጠብቃለች፤ ማንም አልተነሳም። ዳይጎ ጉልበቱን አቅፎ ይሰማል። ሦስተኛው መጣ። ሺዮሪ ቀና አለች።

«ከዚህ በኋላም አለ እንዴ?»

«ሁለት ይቀራል። የመጨረሻው የአያቴ ነው። ምነው፣ ቸኮልሽ?»

«አይ። አይ፣ አልቸኮልኩም።»

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ዘፋኟ ብቻዋን ትጀምራለች። ፒያኖው ዘግይቶ፣ በሩን በቀስታ እንደሚከፍት ሰው ነው የሚገባው። ሺዮሪ ያንን ሸክላ ሽፋኑን በጭለማ በእጇ ታውቀዋለች፤ ይህን ዘፈን ግን ሰምታው አታውቅም። ዓይኗ ሞላ። ልክ በዚያ ሰዓት ከስፒከሩ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሺዮሪ ዘለለች፣ ድመቷም ዘለለች።

«ማነው እሱ?»

«የሽሪምፕ ፍሪዘራችን ነው። ሲነሳ እንዲህ ያጨበጭባል። አያቴ ዘፈኑን ወዶት ነው ይል ነበር።»

ዘፈኑ አለቀ። መርፌዋ መጨረሻው ላይ «ሽ... ሽ...» እያለች መዞር ያዘች። አንዱ መነሳት ነበረበት። ማንም አልተነሳም። ተያዩ፣ ዓይናቸውን ሰበሩ፣ እንደገና ተያዩ። የዳይጎ እናት ትኩስ የተጠበሰ ሽሪምፕ በሳህን ይዛ እስክትገባ ድረስ እንዲያው ነበሩ።

«ሸክላው ተበላሸ እንዴ?» አለች እናትየው።

«አልተበላሸም» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ሺዮሪ እሑድን ወደ ማዶ አደረገችው። ዳይጎ ጀልባ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ ከሰዓቱ የእነሱ ነው። የአያቱን ሸክላዎች አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ሰሙ። እኔ ጋ እየመጣች ትነግረኝ ነበር፤ ሸሚዝ የምታጣጥፍ መስላ ያንኑ አንድ ሸሚዝ ስታጥፍና ስትዘረጋ።

በበጋው መግቢያ ዳይጎ ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ አባቷን ሊጠይቅ መጣ። ሙሉ ልብሱን የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ አገኘሁ፤ አወጣሁለትና በላሁት።

አቶ ናሩሴ በክብር ተቀበሉት። ሻይ ቀረበ። እኔንም ጠሩኝ።

«ፉሳኖ፣ ካውያው ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«መልካም። ልጄ፣ እዚህ መሃል ላይ ተቀመጥ። መጀመሪያ ያለ ማጣሪያ ትሰማለህ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ። ከዚያ ትነግረኛለህ።»

ምርመራ መሆኑ ለሁላችንም ገባን። ሸክላው ዞረ። መሃሉ ላይ አቆሙት፣ ሳጥኑን ሰኩት፣ ሰማያዊው መብራት በራ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ዳይጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እህሳ?» አሉ አቶ ናሩሴ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«እሱን አይደል የምጠይቅህ።»

«ሁለቱም ግሩም ነው። ግን ያው ነው የሆነብኝ።»

«ደግመህ ስማ።»

ደግሞ ሰማ። እኔ በልቤ «አንድ ቃል ነው፣ በል እንጂ» እለዋለሁ።

«ያው ነው፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ናሩሴ ፊታቸው ጠቆረ። «እና እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ለሰው ስሸጥ የኖርኩት ነፋስ ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም። እኔ አልሰማሁትም ነው ያልኩት።»

«ጆሮህን ባሕር በልቶታል! ሺዮሪ፣ ንገሪው እንጂ! አንቺ እዚህ ነው ያደግሽው!»

ሺዮሪ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አቀርቅራለች። ቀስ ብላ፣ «አባዬ... እኔም ሰምቼው አላውቅም» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ የሚያጣራ ሳጥን አልተሠራም። አቶ ናሩሴ ተነሱና ሰማያዊውን መብራት አጠፉት። ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ «ልጄን የምሰጠው ለሚሰማ ሰው ነው» አሉ። ደረጃውን ወጡ።

ሺዮሪ አባቷን ጥላ የምትሄድ ልጅ አይደለችም። «እሱ ሳይመርቀኝ ወንዙን አልሻገርም» አለችኝ። «ዳይጎን ትቼም ሌላ አላገባም።» ነገሩ በዚሁ ተቆለፈ።

ያ በጋ ረጅም ነበር። አቶ ናሩሴ ሸክላ መክፈት ተዉ። በሬን ገፍቶ «ካውያሽን አጥፊ» የሚለኝ ሰው ጠፋ። የሰፈሩ ሸሚዝ ሁሉ በሰዓቱ ደረሰ። እንደዚያ በጋ ሥራ ሰልችቶኝ አያውቅም።

ሁለቱ ልጆች አንድ ጊዜ ብቻ ወንዙ አጠገብ ባለው ባቡር ጣቢያ ተገናኙ። ኋላ ሺዮሪ እንዳጫወተችኝ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን መሃላቸው አስቀምጣ ነበር።

«ልዋሽ?» አላት። «ነገ ሄጄ ሰማሁት ልበላቸው? ዘፋኟ አንድ እርምጃ መጣች እላለሁ። ካስፈለገም ሁለት።»

«አትዋሽ።»

«አንድ ቃል ናት እኮ፣ ሺዮሪ።»

«ዛሬ ያልሰማኸውን ሰማሁ ካልክ፣ ነገ ሾርባዬ ይጣፍጣል ስትለኝ በምን አምንሃለሁ?»

ዳይጎ ወደ ወንዙ ዞረ። «ሾርባሽ ግን ጨው ይበዛዋል» አላት።

ሺዮሪ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከመሃላቸው አነሳችው። ሁለት ባቡር አለፋቸው።

መኸር ገባ። ሁለተኛው የሽሪምፕ ወራት ተጀመረ። አንድ ከሰዓት ዳይጎ በሥራ ልብሱ፣ በቦቲው፣ ቀጥ ብሎ የአቶ ናሩሴ ሱቅ ገባ። እኔም ሸሚዝ የማደርስ መስዬ ተከትዬው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት እንደ ገዢ ነው» አለ።

አቶ ናሩሴ ከሚበይዱት ነገር ቀና አላሉም። ሺዮሪ መደርደሪያው ጋ ደርቃ ቀረች።

«ቤታችን የሽሪምፕ ፍሪዘር አለ። ሲነሳ ዘፈኑ ውስጥ 'ጧ' ይላል። አያቴ ይወደው ነበር። እኔ ግን የመጨረሻውን ዘፈን አንድ ጊዜ ንጹሑን መስማት እፈልጋለሁ። ማጣሪያዎ ይህን ያስቆመዋል?»

«ጆሮ ለሌለው ሰው ምን ያደርግለታል?»

«ጋሼ፣ ይኼ ጆሮ አይፈልግም። ድመታችን እንኳ ትዘላለች።»

ሺዮሪ ሳቋን ዋጠች።

«ላስደስትዎት ብዬ አይደለም» አለ ዳይጎ። «ካላስቆመው አላስቆመውም ነው የምልዎት።»

«እሱን እንኳ አውቄዋለሁ። አፍህ ማጣሪያ የለውም።» አቶ ናሩሴ መበየጃውን አስቀመጡ። ጣቶቻቸው ጠረጴዛውን ይመቱ ጀመር። አውቃቸዋለሁ፤ የታመመ መብራት ሲሰሙ አያስችላቸውም። «ፍሪዘሩና ማጫወቻው በአንድ መስመር ላይ ናቸው?»

«በአንድ።»

«አሮጌ ነው?»

«ከእኔ ይበልጣል።»

«ሺዮሪ! የመኪናውን ቁልፍ!»

ሳጥኑን ለሁለት ተሸክመው መኪናው ውስጥ አስገቡት። ዳይጎ ነዳ፣ አቶ ናሩሴ ከጎኑ ተቀመጡ። እኔና ሺዮሪ ከኋላ ሆነን ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍነን እንደ ታማሚ ይዘነዋል። ለምን እንደሄድኩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከታች የወንዙ ዳር እስከ ባሕሩ በተሰጣ ሽሪምፕ ቀልቷል። ተራራው አናቱ ላይ የዓመቱን የመጀመሪያ በረዶ ደፍቷል። አቶ ናሩሴ ይህን ሁሉ አላዩም። ወደ ሽቦዎቹ ነበር የሚያዩት። መሃሉን ስናልፍ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «እዚህ ጋ ነው የሚለወጠው» አሉ፣ ለራሳቸው።

ቤት ገባን። መጀመሪያ ያለ ማጣሪያ ተከፈተ። ፍሪዘሩም አላሳፈረንም። «ጧ!» ድመቷ ዘለለች።

«ይኸውና!» አሉ አቶ ናሩሴ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ይመስል። ያን ያህል ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ቆይቻለሁ። ሳጥኑን ሰኩ። ሰማያዊው መብራት በራ። መርፌዋ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ፍሪዘሩ መቼ ነው የሚነሳው?»

«በፈለገው ጊዜ ነው፣ ጋሼ። አይታወቅም።»

«እንጠብቃለና።»

ጠበቅን። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። አቶ ናሩሴ እጃቸው ወደ ስፒከሩ መሄድ ጀመረ፤ በጣት ያህል ሊገፉት።

«አባዬ፣ ከተነሳህ ያመልጥሃል» አለች ሺዮሪ።

ተቀመጡ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። የዳይጎ እናት ሽሪምፕ ጠብሳ አመጣች፤ ማንም እጁን አልሰደደም። አራተኛው። ከዚያ ዘፋኟ ብቻዋን ስትጀምር ከግድግዳው ወዲያ «ግርርር» የሚል ድምፅ ሰማን። ፍሪዘሩ ተነሳ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ድመቷ ጆሮዋን አቆመች።

ስፒከሩ ውስጥ ምንም የለም። ዘፋኟ ብቻ።

ድመቷ ተመልሳ ተኛች። አበቃ፤ ሳጥኑ ሥራውን ሠራ። ዳይጎ ፈገግ ብሎ መርፌዋን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አሉ አቶ ናሩሴ።

«ታየ እኮ፣ ጋሼ።»

«ተወው ልጄ። አላለቀም።»

ፒያኖው በቀስታ ገባ። አቶ ናሩሴ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቀሩ። ዘፈኑ አለቀ። መርፌዋ «ሽ... ሽ...» ማለት ጀመረች። ማንም አልተነሳም።

አቶ ናሩሴ የሸክላውን ሽፋን አነሱና፣ «ይህ ሸክላ እኔም ጋ አለ» አሉ። «ይህ ዘፈን የእኔውም ላይ አለ?»

«አለ፣ አባዬ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽው?»

«እዚህ። ቀለበቷን ያመጣሁ ቀን።»

አቶ ናሩሴ መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥለው ዳይጎን አዩ። ልጆቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሳይነካኩ፤ ግን አንደኛው ሲተነፍስ ሌላኛው ይተነፍሳል። የቤቱን ድምፅ ሁሉ ሲለኩ የኖሩ ሰው ይህን ሳይሰሙት አልቀሩም።

«ጋሼ» አለ ዳይጎ፣ «ዛሬ ልዩነቱን ሰማሁት።»

«ምን ሰማህ?»

«ፍሪዘሩን አለመስማቴን።»

«እኔ ቤትስ?»

ዳይጎ አንዴ ወደ ሺዮሪ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው አየ። «እርስዎ ቤት... አሁንም ያው ነው።»

አቶ ናሩሴ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። «አፍህን! አፍህን ምን ልሰካበት?»

የዳይጎ እናት እስካሁን የሳጥኑ ነገር አሳስቧት ኖሮ፣ «ግን ይኼ ዕቃ ከማዶ መጥቶ እኛ ጋ አይበላሽም?» አለች።

«አይበላሽም፣ እመቤቴ። ለሱ ሃምሳውም ስልሳውም አንድ ነው። ወንዝ አይጠይቅም።» ይህን ብለው ሳጥኑን አዩት፣ የተናገሩት ነገር ዘግይቶ ለራሳቸው የተሰማቸው ይመስል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና በዚያ በሱቅ ድምፃቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገዢ በጠየቁበት ድምፅ፣

«ሺዮሪ፣ ወንዙን ትሻገሪያለሽ?» አሏት።

ሺዮሪ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እሻገራለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው የሚሆነውን ቀለበት ማድረግ ያስፈልጋል።»

«ቀለበቱንማ» አልኩ እኔ፣ አፌ አልቻለም፣ «እሷ ካሰረችለት ስንት ጊዜዋ!»

ዳይጎ እንደ ተሰጣው ሽሪምፕ ቀላ። ሺዮሪ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ሁላችንም የቀዘቀዘውን ጥብስ በላን፤ ከትኩሱ ይጣፍጥ ነበር።

ሠርጉ የተደረገው በዘመን መለወጫ፣ የወረቀት ፋብሪካዎቹ ሁሉ ሥራ ባቆሙበት ሳምንት ነው። ቀኑን የመረጡት አቶ ናሩሴ ናቸው፤ መብራቱ ንጹሕ ነው ብለው። ዳይጎ ግን ያን ቀን የለበሰውን ሙሉ ልብስ ኪስ ፈትሼ ሽሪምፕ አላጣሁም።

የነሐስ ቀለበቷ፣ ያቺ መጀመሪያ የወጣችው፣ አሁን በሺዮሪ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥላለች። የማዶው ሞተር አይፈልጋትም።

አቶ ናሩሴ ሳጥን መሸጡን አልተዉም። ግን አሁን ሰው ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። ወንዙን ይሻገራል? ቀጥሎ፣ ቤትዎ ውስጥ 'ጧ' የሚል ነገር አለ? ካለ ይሸጡለታል። ከሌለ፣ «እንግዲያው ገንዘብዎን ይያዙና ሸክላውን እስከ መጨረሻው ይስሙት» ብለው ይሸኙታል። የሚቀየም አለ። ተመልሶ መጥቶ የሚያመሰግንም አለ። «አሁንም ግን በእኔ ቤት ይሰማኛል» ይላሉ፣ ደንበኛው ከወጣ በኋላ። ይሰማቸው። ማን ይከለክላቸዋል?

ትናንት ከሰዓት በሬ ተገፋ።

«ፉሳኖ።»

«ላጥፋ?» አልኩ እጄን ወደ ሶኬቱ ሰድጄ።

«አይ፣ ለሱ አይደለም የመጣሁት።» በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን ያሽከረክራሉ። «ሸክላ ልከፍት ነው። ነይና ቁጭ በይ። እስኪያልቅ።»

ካውያውን ነቀልኩት፤ ለዘፈኑ ብዬ ሳይሆን ለሸሚዙ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሸሚዝ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ተጨማዶም ያምርበታል።